ያውቁ ኖሯል? ከሦስት ፌዝ በላይ

• ስሪ ፌዝ የወፍጮ ሞተር አንዱ ፌዝ ጠፍቶበት ሲያስነሱት ያጓራል እንጂ አይነሳም። የቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚፈጥሩት መግነጢሳዊ መስክ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይዞርም። ቶሎ ካላጠፉት ጥቅልሉ ይቃጠላል።

• ሞተር ሦስት ፌዝ ይኑረው የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ ሦስት የሆነው የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚያመጣው ሦስት ስለሆነ ነው። መሐል ላይ ኢንቨርተር (ኤሌክትሪኩን በማብሪያና ማጥፊያዎች የሚቀርጽ መሣሪያ) ከገባ ቁጥሩን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ዋርድ እና ሄረር በኢንቨርተር ስለሚነዳ ባለ5 ፌዝ ሞተር ያጠኑትን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

• የብሪታንያ «ታይፕ 45» የጦር መርከብ እያንዳንዳቸው 20 ሜጋዋት የሆኑ ሁለት ሞተሮች አሏት። የአንዱ ሞተር ፌዝ ብዛት 15 ነው።

• ፌዝ ሲጨምር ምርጫው ይባዛል። ቀላሉ ኢንቨርተር በ3 ፌዝ 8፣ በ5 ፌዝ 32፣ በ6 ፌዝ 64 ዓይነት የማብሪያና ማጥፊያ አሰላለፍ አለው። የቱ ይመረጥ?

• ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች ጠጠር ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ይቆጥራል። በትንበያ መቆጣጠርም እንዲሁ ነው፦ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ አሰላለፍ ከረንቱን የት እንደሚያደርሰው ያሰላል፣ ከሚፈለገው ጋር ያስተያያል፣ ስሕተቱ ያነሰውን ይመርጣል። ከዚያ እንደገና ይቆጥራል፤ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያህል።

• ስሌቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። መልሱ ሲደርስ ሞተሩ ቦታውን ለቋል። ስለዚህ የሚተነበየው ሁለት እርምጃ ወደፊት ነው።

• ዘዴው ሞተር ቤት አልተወለደም። የሼል ኩባንያ መሐንዲሶች ከትለር እና ራማከር እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ለነዳጅ ማጣሪያ ነበር፤ እዚያ ለውጥ በደቂቃ ይቆጠራል። የሴቪል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ባለ6 ፌዝ ሞተር ትንበያ ሲያሳትሙ ግን መቁጠሪያው ማይክሮሰከንድ ሆኖ ነበር።

• በባለ5 ፌዝ ሞተር ውስጥ ሽቦ ከማሞቅ በቀር ጉልበት የማይሰጥ ከረንት ሊዞር ይችላል። መድኃኒቱ ወርቃማው ጥምርታ ነው። የኢንቨርተሩ ትልቁ ቮልቴጅ የመካከለኛው 1.618 እጥፍ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ሁለቱን፣ ትልቁን ለ61.8 በመቶው ጊዜ፣ መካከለኛውን ለ38.2 በመቶው ቢያፈራርቁ ያን ከንቱ ከረንት የሚገፋው ቮልቴጅ በአማካይ ዜሮ ይሆናል።

• ባለ5 ፌዝ ሞተር አንዱ ቢቆረጥበትስ? መቆጣጠሪያው በስሌቱ ውስጥ የሞተሩን ሞዴል ይቀይራል፤ አራቱ ከረንታቸውን አስተካክለው መስኩን ማዞር ይቀጥላሉ። እንዳይግል ጭነቱ ይቀነስለታል፣ ነገር ግን አይቆምም። ባሕር መሐል ላለ መርከብ ይህ ወደብ መድረስ ማለት ነው።