በአሮጌ ሃይብሪድ መኪና ላይ በርቶ ስለሚጠፋው የሞተር መብራት

ቤተ ሰብ መኪና ሲገዛ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቤንዚኑ አጥብቆ ይጠይቃል፤ መኪናው ካረጀ በኋላ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ከመስተዋቱ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ የሚበራው ትንሽ ቢጫ መብራት ነው። ቼክ ኢንጂን የሚባለው ይህ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራ እንደ ሆነ ባለቤቱ ወደደም ጠላም ወደ ጋራዥ ይሄዳል። አንድ ቀን በርቶ ሦስት ቀን የጠፋ እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው «ዳነ» ብሎ ይተወዋል። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልናስረዳ ያሰብነው የመብራቱ መጥፋት የመኪናው መዳን አለመሆኑን፣ ይልቁንም በርቶ የሚጠፋው ከማይጠፋው የበለጠ ትዕግሥትና ማስታወሻ የሚፈልግ መሆኑን ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የቶዮታን ፕሪየስ እንወስዳለን። ይህ መኪና በጃፓን አገር መሸጥ የጀመረው በ1997 ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) እኛ የምንናገረው ከ2009 እስከ 2015 ስለ ተሠራው፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ስለ ሆነው ስለ ሦስተኛው ትውልድ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ዐሥር ዓመት አልፏቸው ዛሬም በመንገድ ላይ ይታያሉ። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ታክሲ እየነዱ ለሚተዳደሩት ወገኖቻችን መኪና የቤት መገልገያ ብቻ ሳይሆን የልጆች ቀለብና የቤት ኪራይ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቢጫ መብራት ነገር ለእንዲህ ያለው ቤት ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የሚሸጡት የቤት መኪናዎች ሞተራቸውንና ጭሳቸውን የሚመረምር ኮምፒዩተር እንዲኖራቸው በሕግ ተወስኗል። ይህ ኮምፒዩተር አስተዋይ ዳኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ አብዛኛውን ጉድለት በመጀመሪያው ቀን አይቶ መብራት አያበራምና። መጀመሪያ ሲያየው በመዝገቡ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ዳግመኛ ያየው እንደ ሆነ መብራቱን ያበራል። ከዚያም በተከታታይ ሦስት ጉዞ ጉድለቱን ያላገኘው እንደ ሆነ መብራቱን ያጠፋዋል፤ የጉድለቱ ቍጥር ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ይቈያል። ከቍጥሩም ጋራ ጉድለቱ በታየበት ቅጽበት ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ እንደ ነበረ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር እንደ ነበረና መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ የሚገባ ትንሽ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ይህን ሁሉ ያወጣዋል።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል እንደ ሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ በዚያ ያለውን ውድ የጭስ ማጣሪያ እያቃጠለው ነው ማለት ነውና፣ ፍጥነትን ቀንሶ መንገድ ዳር መቆም ይገባል።

አሁን ብዙ መካኒኮች ወደሚያውቁት ሕመም እንመለስ። መኪናው ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ይሰነብትና እሑድን ቆሞ ይውላል። ሰኞ ጧት ሲነሣ ሞተሩ ወባ እንደ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ያህል ቈይቶም ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሁሉ ምንም የለበትም። ባለቤቱ ማታ ወደ ጋራዥ ቢወስደው የሞቀው ሞተር እንደ በግ ዝም ይላል፤ መካኒኩም «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ይመልሰዋል። የሃይብሪድ ጠባይም ነገሩን ይሰውረዋል፤ በሌላ መኪና ቢሆን ሞተሩ ይጠፋና ነጂው ይደነግጥ ነበር፤ በዚህ ግን የኤሌክትሪኩ ሞተር የቤንዚኑን ሞተር ይዞ ስለሚያዞረው ሕመሙን ይሸፍንለታል። ከዚህም በላይ የቤንዚኑ ሞተር በየጊዜው ራሱ ጠፍቶ ራሱ ስለሚነሣ፣ ትንሽ መንቀጥቀጡን ነጂው እንደ ልማድ ይቈጥረዋል።

የዚህ መንቀጥቀጥ ምክንያት ብዙ ጊዜ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን መበላሸት ነው። መኪናው ሞቆ በቆመ ጊዜ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በግፊት ጥቂት በጥቂት ወደ አንዱ ሲሊንደር ሲንጠባጠብ ያድራል፤ ጧት በዚያ ሲሊንደር ያለው ካንዴላ ስለ ረጠበ ቤንዚኑን ሊያቀጣጥለው አይችልም። ጓርኒሲዮኑ ስለ ምን እንደሚበላሽ ብዙ መካኒኮች የሚያመለክቱት ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን መሥመር ነው፤ ይህ መሥመር በጥላሸት ሲደፈን የሚቃጠለው ነገር ከልክ በላይ ይሞቃል ይላሉ።

ሌላ ቀላል ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ጓርኒሲዮኑን መክሰስ አይገባም። ፒ0301 የሚለው ቍጥር አንደኛው ሲሊንደር አልተቀጣጠለም ማለት ነው፤ ፒ0302 ሁለተኛው ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው ይሄዳል። መካኒኩ በመዝገቡ የተጻፈውን ሙቀት አይቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ የነበረ መሆኑን ይረዳል። ከዚያም ለካንዴላው የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚሰጠውን ቦቢና ከአንዱ ሲሊንደር አንሥቶ ከሌላው ጋራ ያለዋውጠዋል፤ ቍጥሩ ቦቢናውን ተከትሎ የሄደ እንደ ሆነ ጥፋቱ የቦቢናው ነው፤ በርካሽም ይታረማል። ቍጥሩ በቦታው የቀረ እንደ ሆነ ግን የማቀዝቀዣውን መሥመር በግፊት ሞልቶ ያሳድረውና ጧት በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ ፒስቶኑ እርጥብ መሆኑን ያያል። መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ ለዚህም መኪናውን ማሳደር የማይወድ ጋራዥ ይህን ሕመም ሊያገኘው አይችልም ብለን እናምናለን።

ቤተ ሰቡም ቢሆን የሚረዳው ብዙ ነገር አለው። ባልና ሚስት መኪናውን እየተቀባበሉ የሚነዱት እንደ ሆነ በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ መብራቱ የበራበት ቀንና ሰዓት፣ መኪናው ስንት ሰዓት ቆሞ እንደ ነበረ፣ ብርድ ወይም ሙቀት እንደ ነበረ፣ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ መሆኑ ይጻፍበት። የቤንዚን ታንክ ክዳን ሳይጠብቅ መቅረቱ ብቻ መብራቱን ሊያበራው ይችላልና። ኮፈኑንም ከፍቶ የሞተሩን ፈሳሽ ከፍታ በየሳምንቱ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማየት ይገባል፤ በምድር ላይ ሳይፈስ በየጊዜው የሚጐድል ፈሳሽ የሚገባው ወደ ሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚህ መኪና ላይ ሁለት የፈሳሽ ጠርሙሶች አሉ፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሁለተኛው ኢንቨርተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መቀየሪያ ነውና አይምታታባችሁ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ሽቦዎች ግን ማንም አይንካ፤ የትልቁ ባትሪ ኀይል ከ200 ቮልት በላይ ነው፤ ኢንቨርተሩም እስከ 650 ቮልት ያደርሰዋል።

ሃይብሪድ መኪና መብራት ባበራ ቍጥር «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ለኪስ ብርቱ ጠላት ነው። ባትሪው በእውነት የደከመ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ፒ0ኤ80 የሚል ቍጥር ይወጣል፤ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትም አብሮ ይበራል። በዚያም ጊዜ ቢሆን ከኋላ መቀመጫው ጎን ያለው የአየር መሳቢያ በአቧራ መደፈኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያ በሚገባው አየር ነውና። ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪም ሲያረጅ ግራ የሚያጋቡ ብዙ መብራቶችን ያበራል፤ እርሱን መመዘን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮዱ ሳይጻፍ መዝገቡን ማስጠፋትን አጥብቀን እንቃወማለን። ማስረጃው ከመጥፋቱ በላይ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ሰሜናዊ ክፍል የጭስ ምርመራ የሚደረግለት መኪና ኮምፒዩተሩ ራሱን መርምሮ ያልጨረሰ እንደ ሆነ ይመለሳል፤ መዝገቡ ትናንት የተፋቀ መኪናም እንዲሁ ነው።

ጓርኒሲዮኑ መበላሸቱ የተረጋገጠ እንደ ሆነ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምሮ ማለፍ ለጥቂት ጊዜ ቢያገለግልም ቀጭኖቹን የራዲያተር ቧንቧዎች ሊደፍን ይችላልና አንመክርም። ጓርኒሲዮኑ ሲለወጥም፣ ሌላ ሞተር ቢገባም፣ የጭሱ መሥመርና ማቀዝቀዣው ከጥላሸቱ አብረው ይጽዱ፤ ያለዚያ አዲሱ ጓርኒሲዮን የአሮጌውን መንገድ ይከተላል። ያገለገለ ፕሪየስ ለመግዛት የሚያስብ ቤተ ሰብም ሻጩን በጧት፣ መኪናው ሳይነሣ ይጠብቀው፤ ሲደርስ ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ሞቆ ያገኘው እንደ ሆነ በሌላ ቀን መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ ለማየት ይቅጠር።