ጠላ የሌለው ደቦ

ነሐሴ ላይ የቢቸና መረሬ ጭቃው እግር ሲይዝ፣ ጤፉንም አረም ሲውጠው፣ ባለማሳው ጠላ አስጠምቆ ደቦ ይጠራል። ወንፈል ቢሆን ዛሬ የሰጡት ቀን ነገ በቀን ይመለሳል፤ ደቦ ግን ሒሳቡ እንዲህ አይያዝም። የመጣው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያቅራራል፣ ተመርቆ ይገባል። ከሰልፉ አንድ ሰው ከጎደለ ግን ገና በረፋዱ «እገሌ ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ሞጣም ቢሄዱ ወጉ ይኸው ነው።

በኢንተርኔትም ደቦ አለ፤ የሌለው ጠላው ነው። በ2001 የተጀመረውን ውክፔዲያን (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሚጽፈውም የሚያርመውም ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው። አማርኛችን ጤፍንም ጽሑፍንም «ማረም» ማለቱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ይህን ደቦ ዳር ቆሞ የሚመለከት፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚል ደግሞ አለ፤ አጥኚው።

በውክፔዲያ እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። አጥኚው ማን አንዴ ጽፎ እንደጠፋ፣ ማን ዓመታት እንደቆየ፣ የማን ጽሑፍ ወዲያው እንደተሰረዘ ከዚያ ይቆጥራል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ንቁ ጸሐፊዎች ቁጥር በ2007 ጣሪያ ነክቶ ማሽቆልቆል መጀመሩ የታወቀው እንዲህ ነው። ኤሮን ሃፍአከርና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አጥፊን ለመከላከል የተበጁት ደንቦችና መሣሪያዎች በቅን ልብ የመጣውን አዲስ ሰውም እያባረሩ ነበር። ደቦ የመጣን ጎረቤት «ማረም አታውቅም» ብሎ ከማሳው እንደመመለስ ነው።

የእኛው ነገር ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል መለያ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዛሬም የአማርኛው ውክፔዲያ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ቢቸናን እንኳ አንዱ «ቢቸና»፣ ሌላው «ብቸና» እያለ ይጽፋታል። ሁለቱን አጻጻፍ የሚያገናኝ ሰው ካልተገኘ አንዲቱ ከተማ ሁለት ትሆናለች። ለእንዲህ ያለች ሥራ ማንም አይመርቅም፤ እኔ ብሆን አጥኚውን ከዚህ አስጀምረው ነበር።

ወይም ከሞጣ። ከከተማዋ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ የተቆረጠ። መንገደኛ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። ይህንኑ በመጽሔት ፎቶግራፍ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኞች አስተባብሮ መጥቶ፣ ድልድዩ በ2002 በብረት ተቀጠለ። አንድ የሞጣ ልጅ የድልድዩን ነገር ከአያቱ እንደሰማው ቢጽፍ ግን «ምንጭ ጥቀስ» ይባላል። የአያት ቃል እስካልታተመ ድረስ ምንጭ አይሆንም። ደንቡ በከንቱ አልወጣም፤ ወሬ ሁሉ ታሪክ እንዳይሆን ነው። ልጁ ግን ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። መዝገቡም የሚያሳየው መሄዱን ብቻ ነው።

የቀረውን ለማወቅ ሞጣ ድረስ መጥቶ፣ ከልጁ ጋር ቡና ጠጥቶ «ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?» ማለት ያስፈልጋል። አያትየውም አጠገቡ ካሉ አጥኚው መቅረጫውን ቶሎ አያጥፋ።