በብርድ አገር ከሕፃናት ጋር በትልቅ ድንኳን ስለ ማደር

ድንኳን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን የሠርግ ወይም የለቅሶ ድንኳን ነው። እኔ ግን የምገልጽላችሁ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ስለሚያድርበት ድንኳን፤ ይልቁንም በብርዳም ደጋ ከትንንሽ ልጆች ጋር ሲታደርበት ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ነው። ይህንም የተማርሁት ከአንዲት ክፉ ሌሊት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፤ አባቴ የስሜንን ተራሮች ሊያሳየን ከጎንደር ይዞን ወጣ። እናቴ፣ የአምስት ዓመት ወንድሜና የሦስት ዓመት እኅቴም አብረውን ነበሩ። አጎቴ ያዋሰን ድንኳን ስምንት ሰው የሚያስተኛ፣ ረጅሙ አባቴ እንኳ ሳያጎነብስ የሚቆምበት ስለ ነበር እናቴ «ይህማ ቤት ነው» አለች። የተከልነው በሳንቃበር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2130 ሜትር ገደማ ሲሆን ሳንቃበር 3250 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፤ ልዩነቱ ወደ ሰባት ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ላይ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል የምድሩ ሙቀት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ውርጭም ይወርዳል።

እኩለ ሌሊት ሲሆን እኅቴ አለቀሰች፤ ኋላም ዝም አለች። አባቴ «እሰይ፤ ተኛች» አለ። እናቴ ግን ብትዳስሳት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች፤ ብትጠራትም በቅጡ አልመለሰችላትም። ብርድ የጠናበት ሕፃን ዝም ማለቱና መፍዘዙ ከለቅሶው ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር። አባቴ ደንግጦ የከሰሉን ምድጃ ሊያስገባ ብድግ ሲል፤ ከእኛ ጋር የነበረው የፓርኩ ስካውት ከውጭ ሆኖ «ኧረ ይተዉ ጌታዬ! ከሰል በድንኳን ውስጥ ልጆቹን ይፈጅብዎታል» ብሎ ከለከለው። እውነቱን ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውንም ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። እናቴ እኅቴን ከደረቷ ገላ ለገላ አስጠግታ፣ ራሷን ሸፍና፣ በሁለት ጋቢ ተጠቀለለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እኅቴ እንደ ገና ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶ እንዲህ ደስ ሲያሰኝ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ያ ሰፊ ድንኳን ለምን በረደ ቢባል፤ ስለ ሰፋ ነው። የተኛ ሰው የሚያወጣው ሙቀት የአንዲት ባለ 75 ሻማ አምፑል ያህል ቢሆን ነው፤ ሙቀቱም ወደ ጣሪያው ይወጣል እንጂ ከተኛው ሰው ዘንድ አይቆይም። ሁለተኛው ጥፋታችን በአየር የሚነፋው ፍራሽ ነበር፤ ከውስጡ ያለው አየር እየተዘዋወረ የገላችንን ሙቀት ለመሬት ያስረክባል። ሕፃናት ደግሞ ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ቆዳቸው ሰፊ ስለ ሆነ ፈጥነው ይቀዘቅዛሉ። ነፋስ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ስለ ዘጋንም ትንፋሻችን በሸራው ላይ ውኃ እየሆነ ሲንጠባጠብብን አደረ።

በማግሥቱ አባቴ በፓርኩ ሣር ማጨድ ክልክል ስለ ሆነ ወደ ደባርቅ ወርዶ ጭድና ሰሌን ገዝቶ መጣ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳ ስለሚወርድ ድንኳኑን ነቅለን የጧት ፀሐይ ወደሚያገኘው ከፍታ ወሰድነው፤ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥተን ካስማውን አጠበቅነው። ከጭዱ ላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ላይ አጎዛ አነጠፍን። እናቴ አንሶላና ብርድ ልብስ በገመድ ሰቅላ ከድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ጓዳ አበጀች፤ ሁላችንም በዚያ ተጠጋግተን ተኛን። ከላይ ያለችውን መስኮት ግን ለትንፋሻችን በጥቂቱ ከፍተን ተውናት። ልጆቹ ገንፎ በልተው፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ ቀን የለበሱትን በደረቅ ልብስ ለውጠው ገቡ። ሙቅ ውኃ የሞላንበትን ጠርሙስም በጨርቅ ጠቅልለን ከእግራቸው ሥር አደረግን፤ ክዳኑን አባቴ ሦስት ጊዜ መረመረው።

ሲነጋ በሳፋው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ረግቶ አገኘን። እኅቴ አንዱን ስባሪ ይዛ ለእናቴ ልታሳያት ወደ ጓዳው ሮጠች፤ ስትደርስ ግን በእጇ የቀረው ውኃ ብቻ ነበር።