«አክሰንትሽ ያስቸግራል» ብለው እድገት ሲከለክሉ

አሜሪካ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ነኝ። ለዓመታት የሠራች አበሻ ነርስ እድገት ተከልክላ ምክንያቱን ስትጠይቅ «መግባባት ላይ ትንሽ...» ተብሎ ሲድበሰበስ ማየት ያንገበግበኛል።

አድልዎው የሚጀምረው ገና አፍ ሳይከፈት ነው። በርትራንድና ሙላይናታን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች 5,000 ያህል ሲቪ ላኩ፤ ስሞቹን በዕጣ ደለደሉ። ኤሚሊን የመሰለ የነጭ ስም የያዙት፣ ላኪሻን የመሰለ የጥቁር ስም ከያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ።

እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘርም ሆነ በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር ስለሚያያዝ፣ ቀጣሪው ሰበብ ሊያደርገው የሚችለው ሥራውን በእርግጥ ሲያደናቅፍ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚመልስና መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚቆጥር እኩል አይታዩም። «ደንበኛ አልወደደውም» ደግሞ ምክንያት አይሆንም።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ አብረው የነበሩትን ሰዎች በዚያው ዕለት ጻፉ። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ ጊዜው 180 ቀን፣ በብዙ ስቴቶች 300 ቀን ነው። እባካችሁ ቀኑ አይለፍባችሁ።