የነጋዴ ሥራና የነጋዴ ቤት

ጠንቃቃ ነጋዴ ዕቃ ከመመዘኑ በፊት የሚዛኑ ሁለት ሰሐኖች ባዷቸውን መስተካከላቸውን ይመለከታል። አንደኛው ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ በዚያ ሚዛን የተመዘነው ሁሉ ሐሰት እንደሚሆን ያውቃልና። ለዕቃው ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ነጋዴ ግን የገዛ ቀኑን ሲመዝን አይታይም። ከሃያ አራቱ ሰዓት ለሱቁ ስንቱን፣ ለቤተ ሰቡ ስንቱን፣ ለዕንቅልፉ ስንቱን እንደ ሰጠ ቢጠየቅ መልስ የሚያገኘው በጥቂቱ ነው። ይህ ጉዳይ የድካም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ጉዳይም ስለ ሆነ፣ በሚኤሶና በአካባቢዋ ከተሞች ያለውን ሁኔታ አብነት በማድረግ መመርመሩ ይጠቅማል።

ሚኤሶ በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ሐዲዱ ያለፈው በዚህች ከተማ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መሥመር ሲሠራም ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ክፍል አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ወሰን ያለውን ደግሞ ሌላ የቻይና ኩባንያ ስለ ሠሩት፣ የሁለቱ ሥራ መገናኛ ሚኤሶ ሆነች። ከዚህም ሌላ ወደ ጭሮ፣ ማለት ወደ አሰበ ተፈሪ፣ የሚወጣው ዳገት የሚጀመረው ከዚሁ ቆላ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ የነጋዴውን ሰዓት የሚቈርጠው ፀሓይዋ ብቻ ሳትሆን መንገዱ ጭምር ነው። መንገደኛ በመጣ ጊዜ ምግብ ቤቱ ይከፈታል፤ የጭነት መኪና በቆመ ጊዜ አልጋ ይሰናዳል።

ይሁን እንጂ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥድፊያ የለበትም፤ በሦስት ከፍሎ መመልከት ይቻላል። የመጀመሪያው ዕቃው የማይጠብቅ ንግድ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ደጋ ያበቀለው ጫት ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ካልተሸጠ ትኩስነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ለቃሚው፣ አሳሪው፣ ሾፌሩና ሻጩ ሌሊቱን ከቀን ሳይለዩ ይሠራሉ። ለገበያ የተነዳ ግመል፣ ከብትና ፍየልም እስኪሸጥ ድረስ ውሃና መኖ ይፈልጋል። ሁለተኛው ደንበኛው የማይጠብቅ ንግድ ሲሆን፣ ምግብ ቤት፣ ማረፊያ ቤትና ነዳጅ ማደያ በዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ዕቃውም ደንበኛውም የሚጠብቁት ንግድ ነው። ማሽላና ሰሊጥ በጎተራ ቢያድር አይጠወልግም፤ ጨርቅ፣ ሳሙናና ስኳርም ሌሊቱን በመደርደሪያ ላይ ቢተኛ ዋጋው አይቀንስም።

ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በመንገድ ከተማ ያለ የሸቀጥ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሳሙናውን እንደ ጫት ቈጥሮ ይሠራል። እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጠው ዕቃው ስለሚበላሽበት ሳይሆን የጎረቤቱ ሱቅ ገና ስላልተዘጋ ነው። ጎረቤቱም በበኩሉ የሚያየው የእርሱን መብራት ነው። ሁለቱም በምሽት የሚመጡትን ጥቂት ገዢዎች ተካፍለው ያድራሉ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ቢዘጉ ኖሮ ከእነዚሁ ገዢዎች የሚበዙት በጊዜ መጥተው በገዙ ነበር። እንግዲህ የጠፋው ገበያ ሳይሆን ስምምነት ነው። ይህንንም ስምምነት አንድ ሰው ብቻውን ሊያመጣው ስለማይችል፣ የአንድ መንደር ነጋዴዎች በመመካከር የመዝጊያ ሰዓት ቢወስኑ ማንም ሳይጎዳ ሁሉም ያርፋል።

ተቀጥሮ ለሚሠራው ሰው ሕጉ ሚዛኑን አበጅቶለታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በተለየ ምክንያት ሲፈቀድም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ለተሠራ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቈራረጠ ዕረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይፈቀድም። ስለዚህ ባለሱቁ የቀጠረውን ልጅ ሌሊት በባንኮኒ ላይ ማስቀመጡ የቸርነት ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕግ መጣስም ነው።

ነገር ግን ይህ ዐዋጅ የሚዳኘው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ባለሱቁ ራሱ፣ ሚስቱና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዕቃ የሚያቀብሉት ልጆቹ በዚህ ሚዛን አይመዘኑም። ራሱን በራሱ የቀጠረ ሰው ትእዛዝ ሰጪውም ታዛዡም እርሱ ስለ ሆነ፣ «ይበቃል» የሚለው ሌላ አይኖርም። ቤቱና ሱቁ በአንድ ግቢ በሆነ ጊዜ ደግሞ ድካሙ ይብሳል። ራት ላይ ሳለ በሩ ይንኳኳል፤ የልጁን የትምህርት ደብተር ሲመለከት የዱቤው መዝገብ ይጠራዋል፤ ከሱቁ መሳቢያ የወጣው ገንዘብም ለቤት ይሁን ለንግድ ሳይለይ ይቀራል።

ያለ ልክ መሥራት በሰውነት ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በአንድነት አጥንተው በ2013 ዓ.ም. ገልጸዋል። በዚሁ ጥናት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2016 በአንጎል የደም ሥር አደጋና በልብ ሕመም ለደረሰው 745,000 ያህል ሞት ምክንያት ሆኗል። በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራው በአንጎል የደም ሥር አደጋ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። ከንጋቱ 1 ሰዓት ከፍቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚዘጋ ነጋዴ አንድ ቀን እያረፈ እንኳ በሳምንት 84 ሰዓት እንደሚሠራ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ከጤናው ሌላ ኪሣራም አለ። የደከመ ሰው መልስ ያሳስታል፤ ዱቤ መጻፍ ይረሳል፤ ከደንበኛ ጋር በትንሽ ነገር ይጣላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በሌሊቱ ሰዓት የተገኘችው ጥቂት ትርፍ በማግሥቱ ስሕተት ትወጣለች። ዋናው ዕዳ ግን በመዝገብ የማይጻፈው ነው። አባት በአንድ ግቢ እየኖረ ለልጆቹ እንግዳ ይሆናል፤ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ስለ ዕቃ ብቻ ይሆናል፤ ሰውየው ለዕድሩና ለቀብሩ ገንዘብ እየላከ ራሱ ይቀራል። በሐዘንና በደስታ ያልታየ ነጋዴ ደግሞ ንግዱ የቆመበትን መታመን ቀስ በቀስ ያጣዋል።

መፍትሔው ከአገሩ ልማድ የራቀ አይደለም። በድሬዳዋ በቀትር ሙቀት ጊዜ ሱቅ ዘግቶ ማረፍ የቈየ ልማድ ነው፤ እንደዚሁ ቆላ በሆነችው በሚኤሶም ገዢ በሚቀንስበት በዚያ ሰዓት ወደ ቤት መግባት ገበያ አያጎድልም። እስላሙ በዓርብ ጸሎቱ፣ ክርስቲያኑ በእሑዱና በበዓሉ ሥራውን ማቋረጥ የለመደ ስለ ሆነ፣ ለቤተ ሰቡም እንዲሁ የተወሰነ ሰዓት ማበጀት አይከብደውም። ዕቃው የማይጠብቀው የጫት ነጋዴ ከባልደረባው ጋር ሌሊቱን በተራ ሊካፈል ይችላል። ምግብ ቤት ያለው ሰው የቀንና የሌሊት ሠራተኛ ለይቶ፣ ለአንድ የታመነ ሰው ቍልፉን ማስረከብን ይልመድ። የሸቀጥ ነጋዴው የቀኑን ሒሳብ ከመዝጋቱ በፊት በሱቁ ጨርሶ፣ መዝገቡን እዚያው ቈልፎ ይግባ፤ ለቤት ወጪ የሚሆነውንም በወር የተወሰነ ደመወዝ አድርጎ ለራሱ ይቍረጥ። ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ንግዱ በእውነት ማትረፉን ወይም ጉልበቱን ብቻ እየበላ መኖሩን ለማወቅ ይችላል።

የምትጠይቀው ድፍረት አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም ገዢ ሊመጣ ይችላል በሚል ተስፋ የተከፈተውን በር በተወሰነው ሰዓት መዝጋት ነው። ሱቁ በማግሥቱ ይከፈታል፤ ያቺ ምሽት ያለፈችበት ልጅ ግን በማግሥቱ በአንድ ቀን አድጎ ይገኛል።