ሙሾና የጭፍጨፋ ትውስታ በሰሜን ሸዋ

ሙሾ በለቅሶ ላይ ለሟች የሚወርድ የሐዘን ግጥምና ዜማ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ አካባቢ ከቀረርቶ፣ ከፉከራና ከቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ጋር፣ በጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በግፍ የተገደሉ ሰዎች በድምፅ ከሚታሰቡባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

አወራረዱ

ሙሾ የሚያወርደው ሰው አልቃሽ ወይም አስለቃሽ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። አልቃሿ ሁለት ሁለት ስንኝ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ በልቅሶ ይቀበላታል። ግጥሙ ብዙውን ጊዜ እዚያው ስለሚፈጠር የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና አሟሟቱን ያነሳል። ሰውየው በግፍ የሞተ እንደሆነ ገዳዩ በሰምና ወርቅ ይነካል። ሬሳው ካልተገኘ ደግሞ ልብሱ ወይም ጠመንጃው ወጥቶ በእሱ ላይ ይለቀሳል። በጅምላ ግድያ ጊዜ ይህ ልማድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሬሳው በገደል ወይም በዋሻ የቀረ ሰው ቢያንስ ለቅሶ ያገኛል።

ቀረርቶና ፉከራ የሚለዩት በዓላማቸው ነው። ሙሾ የሞተውን ሲሸኝ፣ ፉካሪው የወደቀውን ወንድሙን ስም ጠርቶ ይዝታል። በሸዋ በራስ አበበ አረጋይ ይመሩ የነበሩ አርበኞች ሁለቱንም ያውቁ ነበር።

ወራሪው የፈራው ድምፅ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማዋ ጭፍጨፋ ተካሄደ። ግራዚያኒ በዚህ አላበቃም። ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚያንጎራጉሩ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ጥፋታቸው የጣሊያን አገዛዝ ይወድቃል የሚል ወሬ ማሰራጨት ነበር። በመጋቢት ወር ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 70 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ጦር መሰንቆ የያዘን ሰው ይህን ያህል መፍራቱ የሚገርም ነው።

ከዚያም ተራው የሰሜን ሸዋ ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላጋ ወልዴ በተባለ ቦታ ተረሸኑ (ገዳሙ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል)። ከቀናት በኋላ የገዳሙ ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አካባቢ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም ያሳወቀው ጠቅላላ ቁጥር 449 ሲሆን ከእነዚህ 129ኙ ዲያቆናት ነበሩ። ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ይገምታል። የተገደሉት ዜማ የተማሩና የሚማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፍትሐት የሚያደርሱት ራሳቸው ሞቱ ማለት ነው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በመንዝ ዘረት በሚባል ስፍራ በዋሻ የተጠለሉ አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝ ተመቱ፤ እጃቸውን የሰጡት ብዙዎች ተረሸኑ። የአገሬው ሰው ቦታውን «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። ጣሊያናዊው ታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን አግኝቶ ለዓለም ያሳወቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ በአካባቢው ሰው አፍና ጆሮ ላይ ነበር።

የተከለከለ ለቅሶ

ለቅሶን የፈራ የውጭ ጦር ብቻ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን (1969–1970 ዓ.ም.) የደርግ ባለ ሥልጣናት የተገደሉባቸውን ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ይከለክሉ ነበር። እናት ልጇን በሙሾ መሸኘት ስትከለከል፣ ስሙ በአደባባይ የሚጠራበት አጋጣሚ ይቀራል። ሰዎቹ በስም የታሰቡበት የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው።

የሙሾ ችግር

ሙሾ ስም ይይዛል፣ ቀንና ቁጥር ግን ብዙም አይይዝም። አልቃሿ ስትሞት ያወረደችው አብሯት ሊጠፋ ይችላል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተን በጦርነት ቦምብ ለፈረሰው የኮቨንትሪ ካቴድራል ምትክ ምረቃ በ1954 ዓ.ም. ያቀረበው የጦርነት ሬኩየም በኖታ ስለተጻፈ ዛሬም እንዳለ ይጫወታል። ሙሾን በጽሑፍ ብቻ መገልበጥ ግን አይበቃም፤ ሳጉ፣ ዕረፍቱና የለቀስተኛው አቀባበል ወረቀት ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ የድምፅ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ከቅጂው ጋር ደግሞ የት፣ መቼና ለማን እንደ ወረደ፣ እንዲሁም የወርቁ ፍቺ መመዝገብ አለበት። ያለዚህ መረጃ ፋይሉ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ልቅሶ ሆኖ ይቀራል። ለቅሶ ቤት ስልክ አውጥቶ መቅዳት ነውር ስለሆነ ደግሞ ፈቃዱ ከባለ ሐዘኑ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ከተዝካር በኋላ አልቃሿን ቤቷ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።