በቴሌግራም የሚሸጥ «ማወፈሪያ»

በሐሙሲት ገበያ ቅቤ የሚገዙት አሽትተው፣ ቀምሰው ነው። ተበርዞ ቢያገኙት በቀጣዩ የገበያ ቀን ሻጯን እዚያው ያገኟታል። በቴሌግራም «ማወፈሪያ» የሚሸጥልዎትን ሰው ግን የት ብለው ይፈልጉታል?

የገንዘቡስ ይቅር። ለማወፈሪያነት ከሚሸጡት አንዱ ዴክሳሜታሶን ነው፤ ሐኪም ለሌላ ሕመም የሚያዝዘው መድኃኒት። ፊት ይሞላል፤ የደም ስኳርና የደም ግፊት ግን ይጨምራል፣ አጥንትም ይሳሳል። ለሳምንታት ከወሰዱት ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚቀንስ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። ስለዚህ ጀምረው ከሆነ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ ኪኒኑን እንዳለ ይዘው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ለባለሙያ ያሳዩ። እንዲህ ያለ ሻጭ ሲያጋጥምዎት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይጠቁሙ።